ከማጠቢያ ገንዳው ጀርባ ያለው ግድግዳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ በብዙ ግቢ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ከቤቱ የኋላ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይሠራል። ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ቀለሙ ይላጣል፣ ልስኑ ያብጣል፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው መኝታ ክፍል ሻጋታ ሻጋታ መሽተት ይጀምራል። በእኔም ቤት ደርሷል፤ ልስኑን ሁለት ጊዜ አስፈርሼ አስለስኛለሁ። ያኔ ያሳሳቱኝ አባባሎች ዛሬም የሰው ገንዘብ ሲያስጨርሱ ማየት ያሳዝነኛል።

«ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ነው።» ሽምብጥ አካባቢ ይህን የማይል የለም። በእርግጥ ዝቅ ባለ መሬት ላይ በክረምት የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ላይ ይጠጋል፣ በመሠረቱም በኩል ወደ ግድግዳው ይሳባል። ነገር ግን እንዲህ ያለው እርጥበት ከወለሉ ተነሥቶ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር እንደ መቀነት ይዞ ይሄዳል። እርጥበቱ ከገንዳው ጀርባ ብቻ ከሆነ ጣናን አትውቀሱ። በቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን ተመልከቱ፤ እየዞረ ከሆነ ከቆጣሪው ወዲህ የሚያፈስ ቧንቧ አለ፣ ምናልባትም እዚያው ግድግዳ ውስጥ። ቆጣሪው ካልዞረ ደግሞ ውኃው የሚመጣው ከላይ ነው፦ ከፍንጥቅጣቂው፣ ከገንዳው ጠርዝ፣ ወይም ከፍሳሽ መውረጃው።

«ሴራሚክ ከተለጠፈ ውኃ አይገባም።» ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ሴራሚኩ ራሱ ውኃ አያሳልፍ ይሆናል፤ በመካከሉ የሚሞላው ቦያካ ግን ሲሚንቶ ነው፣ ውኃ ይመጥጣል። ከሴራሚኩ ጀርባ የገባ ውኃ መውጫ ስለሚያጣ ብሎኬቱን ቀስ በቀስ ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ውኃ የሚከላከለው ቅብ ልስኑ ላይ መቀባት ያለበት ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ነው። ገንዳውና ግድግዳው የሚገናኙበት ጥግ ደግሞ በቦያካ መሞላት የለበትም። 60 ሊትር ውኃ የያዘ ገንዳ 60 ኪሎ ተሸክሟል፤ የብረት ወይም የፕላስቲክ ገንዳ ከሆነ በዚያ ክብደት ዝቅ ይላል፣ ቦያካውም ይሰነጠቃል። ጥጉ የሚፈልገው የሚለጠጥ ሲሊኮን ነው። ቦታውን አጽዱና በደንብ አድርቁ፣ ገንዳውን በውኃ ሙሉና ክፍተቱ ሰፍቶ ሳለ ሲሊኮኑን አድርጉ፣ ከዚያም ቢያንስ ለ24 ሰዓት ውኃ አታስነኩት። ቧንቧው ከግድግዳው የሚወጣበትን ቀዳዳ አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እርሱ ነው።

«ዘይት ቀለም ይዘጋዋል።» ደረቅ ግድግዳን ከፍንጥቅጣቂ ይጠብቃል፣ እውነት ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ ግን እርጥበቱን ውስጥ ቆልፎ ያስቀረዋል፤ ወር ሳይሞላ ቀለሙ እንደ ቃጠሎ ቁስል ውኃ ይቋጥራል። የጣና ሰው የደንገል ታንኳ ውኃ እንደሚጠጣ ስለሚያውቅ ሥራ ሲጨርስ ወደ ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል። ግድግዳም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ውኃው የሚገባበትን ድፈኑ፣ በበጋ ለሳምንታት ይድረቅ፣ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

«በረኪና ሻጋታውን ያጠፋዋል።» ጥቁረቱን ያነጣዋል፤ እርጥበቱ ካለ ግን ሻጋታው ይመለሳል። በረኪናን ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

«የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ከተለሰነ አይነካም።» ይህን ስሰማ እደነግጣለሁ። ሲሚንቶ ከጭቃና ከእንጨት ጋር አይዋሐድም፤ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውኃ ተመልሶ አይወጣም። ውጪው ደህና መስሎ ሳለ ውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። ለጭቃ ቤት የሚበጀው ገንዳውን ከግድግዳው አርቆ፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል፣ በራሱ እግር ማቆም ነው። ከሥሩ ያለው ወለል ከቤቱ በተቃራኒ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ያዘቅዝቅ፤ የእጥበቱ ውኃ በመሠረቱ ሥር ሳይሆን ወደ ጓሮው ይሂድ።