ስለ ኢኖክ ሶንቶንጋ በስህተት የሚነገሩት እና እውነታው

የደቡብ አፍሪካ ቡድን ሲጫወት ገና ከመጀመሪያው የሚዘመረውን መዝሙር ዜማውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። «ንኮሲ ሲኬሌል ኢአፍሪካ»፣ ማለትም አምላክ አፍሪካን ይባርክ። የደራሲው የኢኖክ ሶንቶንጋ ታሪክ ግን ሲወራ በጣም ይዛባል።

«የኤ.ኤን.ሲ (አፓርታይድን የታገለው የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ) ታጋይ ነበር፣ የጻፈውም ለትግል ነው» ይባላል። አይደለም! ሶንቶንጋ መምህር ነበር። ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለ የሜቶዲስት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ መዘምራን ይመራል፣ ፎቶም ያነሳል። በ1897 (እ.ኤ.አ.) መዝሙሩን የደረሰው ተማሪዎቹ እንዲዘምሩት ብሎ ነው፤ ጸሎት ነው። ኋላ ኤ.ኤን.ሲ የተባለው ድርጅት በ1912 ሲመሰረት እሱ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። በምሥረታው ስብሰባ ላይ ተዘመረ፣ በ1925 ደግሞ የድርጅቱ መዝሙር ሆነ። የትግል መዝሙር ያደረጉት የዘመሩት ሰዎች ናቸው።

«ግጥሙ በሙሉ የእሱ ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። እሱ የጻፈው የመጀመሪያውን አንጓና አዝማቹን ነው፣ በኮሳ ቋንቋ። ሰባት አንጓ የጨመረው ባለቅኔው ሳሙኤል ምቃዪ ነው። የዛሬው ብሔራዊ መዝሙር ደግሞ በ1997 ከአፓርታይድ ዘመኑ ብሔራዊ መዝሙር ከ«ዲ ስቴም» ጋር ተጣምሮ የተሠራ ሲሆን በአምስት ቋንቋ ይዘመራል።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ «እንዲህ ያለ ዜማ የደረሰ ሰው በሕይወቱ ዝናና ገንዘብ አግኝቷል» የሚለው ግምት ነው። ሶንቶንጋ በ1905 ሲሞት ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር፣ ብሔራዊ መዝሙር የሚባል ነገርም አላየም። ባለቤቱ የመዝሙሩን መብት በስድስት ፔኒ ሸጠችው ይባላል። መቃብሩ እንኳ ለብዙ ዓስርት ዓመታት የት እንዳለ አልታወቀም ነበር፤ ፈላጊዎቹ በቤተሰብ ስሙ ሲያገላብጡ የመቃብሩ መዝገብ ላይ የሰፈረው «ኢኖክ» ተብሎ ኖሯል። በመጨረሻ ጆሃንስበርግ ብራምፎንቴን መቃብር ውስጥ ተገኘ፣ በ1996 ማንዴላ ራሳቸው መታሰቢያውን መረቁ። ዘጠና ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው።

መዝሙሩ የደቡብ አፍሪካ ብቻ የሚመስላቸውም አሉ። ታንዛኒያና ዛምቢያ እስከ ዛሬ በየራሳቸው ግጥም የሚዘምሩት በእሱ ዜማ ነው፤ ዚምባብዌም እስከ 1994 ድረስ ይህንኑ ነበር የምትዘምረው።