ሊብሬ የሌላት ጀልባ፦ አሜሪካ ውስጥ ወረቀቷ የጠፋ ያገለገለች ጀልባ እንዴት ትመዘገባለች?

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለች ጀልባ በርካሽ ማግኘት ከባድ አይደለም። ጓሮ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ዓመታት የተቀመጠች አለች። አባት ሲሞቱ ለልጆች የቀረች አለች። ቤት የገዛ ሰው ቁልፍ ተረክቦ ሲገባ ጋራዥ ውስጥ የሚያገኛትም አለች። ሻጩ "ወረቀቷ ጠፋ እንጂ ሌላ እንከን የላትም" ይላል። ዋጋዋ የወረደውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

አገር ቤት መኪና ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሊብሬ ሳይታይ፣ ዕዳና እገዳ ሳይጣራ ቀብድ አይከፈልም። ጀልባ ላይ ግን ይህን ጥንቃቄ የሚረሳ ብዙ ነው። ጀልባ መዝናኛ ስለሆነች ወረቀቷም ቀላል ይመስላል። አይደለም።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ "የትኛው ወረቀት ነው የጠፋው?" የሚለው ነው። የጀልባ ወረቀት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ታይትል የሚባለው የባለቤትነት ማስረጃ ነው። ሌላው የምዝገባ ወረቀት ነው። ጀልባዋ ውኃ ላይ እንድትወጣ ይፈቅዳል፣ ቁጥርም ይሰጣታል። የሚመዘግቡት ግዛቶች ናቸው፤ ሕጋቸውም ይለያያል። ጆርጂያ ጀልባን ትመዘግባለች እንጂ ታይትል አትሰጥም። ኒው ዮርክ ታይትል የምትሰጠው 14 ጫማና ከዚያ በላይ ርዝመት ላላቸው፣ ሞዴላቸውም 1987 እና ከዚያ ወዲህ ለሆኑ ጀልባዎች ነው። ስለዚህ የ1984 ሞዴል የኒው ዮርክ ጀልባ ታይትል ባይኖራት ምንም አልጠፋባትም። የቀድሞው ምዝገባ ላይ ባለቤቱ ፈርሞ ካስረከበ በቂ ነው። "ወረቀት የላትም" የተባለች ጀልባ ስትገጥም ነገሩ እውነተኛ ችግር ይሁን አይሁን የሚታወቀው መጨረሻ የተመዘገበችበት ግዛት ሲታወቅ ነው።

መሥሪያ ቤቱም እንደየግዛቱ ይለያያል። በሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ነው። በቨርጂኒያ የዱር እንስሳት ሀብት መሥሪያ ቤቱ ነው። በፍሎሪዳ የካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ግብር ሰብሳቢ ጋ ይኬዳል። በካሊፎርኒያ ዲኤምቪ የሚባለው የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ነው። ኦሃዮ ታይትል የሚወጣው ከካውንቲው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ቢሮ ነው። የሚመዘገበው ጀልባዋ በብዛት በምትውልበት ግዛት እንጂ የግድ ባለቤቱ በሚኖርበት አይደለም። ይህ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ላለው ወገናችን ዋጋ አለው። ፖቶማክ ወንዝ በአብዛኛው የሜሪላንድ ነው። ቨርጂኒያ እየኖረ ጀልባውን ሜሪላንድ ውኃ ላይ የሚያቆይ ሰው ጉዳዩ ከሜሪላንድ ጋር ነው።

የቁጥሩ ሥርዓት የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣ ሕግ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ቁጥር እንዲኖራቸው አዘዘ። የ1958ቱ ሕግ ሥራውን ለግዛቶች ሰጠ፤ ያኔ የሚመለከተው ከ10 የፈረስ ጉልበት በላይ ሞተር ያላቸውን ነበር። በ1971 ደግሞ ሞተር ያላትን ጀልባ ሁሉ እንዲያካትት ሰፋ። በእጅ ብቻ የምትቀዘፍ፣ እንደ ጣናዋ ታንኳ ያለች፣ በፌዴራሉ ሕግ ቁጥር አይጠየቅባትም። አንዳንድ ግዛቶች ግን እሷንም ይመዘግባሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ወረቀት ቢጠፋም ጀልባዋ ራሷ ላይ የተጻፈ አለ። መኪና የሻንሲ ቁጥር እንዳለው ሁሉ ጀልባም የአካል ቁጥር አላት። ከኖቬምበር 1 ቀን 1972 ወዲህ የተሠሩ ጀልባዎች ሁሉ 12 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። የሚገኘው ከኋላ፣ በውጭ በኩል፣ ወደ ቀኝ ጥግ ነው። ቀኝ የሚባለው ሰው ጀልባዋ ውስጥ ሆኖ ወደ ፊት ሲያይ ነው። ከላይኛው ጠርዝ ሁለት ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ ይፈለግ። ቀለም ከተደራረበበት በጣት መዳሰስ፣ በባትሪ ከጎን ማብራት ይረዳል።

ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት የአምራቹ መለያ ናቸው፤ የሚሰጣቸው ኮስት ጋርድ የሚባለው የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ነው። ቀጥለው የሚመጡት አምስቱ የጀልባዋ ተራ ቁጥር ናቸው። ከአኃዝ ጋር ስለሚምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት እዚህ ውስጥ አይገቡም። የመጨረሻዎቹ አራቱ ዘመኗን ይነግራሉ። ከኦገስት 1984 ወዲህ በጸናው አጻጻፍ መጀመሪያ የወር ፊደል ይመጣል፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ ይቀጥላል። ከዚያ የተሠራችበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ፣ በመጨረሻም የሞዴሏ ዓመት በሁለት አኃዝ ይጻፋል። ሻጩ "የ1998 ናት" ብሎ ቁጥሩ በ91 ካበቃ ጥያቄ ማንሳት ይገባል።

ከዚያው ከ1984 ወዲህ የተሠሩት ደግሞ ሁለተኛ ቁጥር አላቸው። ውስጥ፣ ከማይታይ ቦታ፣ ወይም አንድ ብረት ሥር ተሰውሮ ይቀመጣል። ይህ የሆነው ሌባ የውጩን ቢፍቀው እውነቱ እንዳይጠፋ ነው። ቁጥሩ የተፋቀባትን ወይም ቁጥሩ ያለበት ሳህን ተነቅሎ የተቀየረባትን ጀልባ ማንም በምንም ዋጋ መግዛት የለበትም ብዬ አምናለሁ። ወረቀት መጥፋት በማንም ላይ ይደርሳል። ቁጥር ግን በራሱ አይፋቅም። ከ1972 በፊት የተሠራች ወይም ሰው በእጁ የሠራት ጀልባ ከሆነች ግን ቁጥር አለመኖሩ አያስደነግጥም። ግዛቱ አስመርምሮ አዲስ ይሰጣታል።

ቁጥሩ በእጅ ከገባ፣ ገንዘብ ሳይከፈል፣ ወደ መዝጋቢው ቢሮ መደወል ነው። መዝገቡ በማን ስም ነው? ተሰርቃለች ተብሎ ተመዝግቧል? የባንክ ዕዳ አለባት? ቢሮው የባለቤቱን ስም ላይናገር ይችላል። ጀልባዋ መዝገብ ላይ ትኑር አትኑር ማወቅ ግን ብዙ ነው።

ባለመዝገቡ ሻጩ ራሱ ከሆነ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ቅጂ እንዲያወጣ ይደረጋል፣ ትንሽ ይከፈላል፣ ፈርሞ ያስረክባል። ከሁሉም ርካሹ መንገድ ይህ ነው። የሚገርመው ብዙ ሰው ሳይሞክረው ወደ ከባዱ መሄዱ ነው። ሻጩ "ጊዜ የለኝም" ካለ ገዢው ቅጹን ሞልቶ፣ ክፍያውን ችሎ፣ አብሮት ቢሮ ቢሄድ ያዋጣዋል።

ችግሩ የሚከብደው መዝገቡ በሌላ ሰው ስም ሲሆን ነው። አንዱ ለሌላው ስም ሳያዞር ሸጦ፣ ያም ለሦስተኛ ሰው አስተላልፎ ሊሆን ይችላል። አገር ቤት መኪና በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እንደምናየው ማለት ነው። እዚህ መሀል ላይ የጎደለው ፊርማ መፈለግ አለበት። ባለመዝገቡ ከሞቱ ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የሚያገኙት ማስረጃ ያስፈልጋል። ባሏ የሞተባት ሴት ጀልባዋ በእሱ ስም ብቻ ከነበረች ፊርማዋ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

ባለቤቱ ጨርሶ ካልተገኘ ብዙ ግዛቶች ለተተወች ጀልባ የተለየ ሥርዓት አላቸው። መጨረሻ በሚታወቀው አድራሻ በአደራ ደብዳቤ ይላካል። እንደየግዛቱ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ይወጣል። የተወሰነ ጊዜ ይጠበቃል። ባለቤቱ ካልቀረበ ታይትል ለአመልካቹ ይሰጣል። አሰልቺ ነው። ግን ዓላማው ትክክል ይመስለኛል፤ ሆስፒታል ተኝቶ የከረመ ሰው ጀልባው በሌለበት የሌላ እንዳትሆን ነው። ውኃ ላይ ስትንሳፈፍ የተገኘች ጀልባም ያገኛት ሰው አትሆንም። ለፖሊስ ወይም ለኮስት ጋርድ መነገር አለበት።

አንዳንድ ግዛቶች በዋስትና የሚሰጥ ታይትል ይፈቅዳሉ። ገዢው ከዋስትና ድርጅት ቦንድ ይገዛል። መጠኑ ብዙ ጊዜ የጀልባዋ ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። 4,000 ዶላር ከተገመተች ቦንዱ 6,000 ይሆናል ማለት ነው፤ ገዢው ለድርጅቱ የሚከፍለው ግን የዚያን ጥቂት ክፍል ነው። በጊዜ ገደቡ ውስጥ እውነተኛ ባለቤት ቢመጣ ካሣው ከዚያ ይወጣል፤ ድርጅቱም ገንዘቡን ከገዢው ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ካልሆነ የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው። ዳኛ ባለቤትነቱን ሲወስን መዝጋቢው ትእዛዙን ይቀበላል። ለ1,500 ዶላር ጀልባ የጠበቃ ወጪ ያዋጣል ወይ የሚለውን ግን አስቀድሞ ማስላት ይሻላል።

ተለቅ ያለች ጀልባ ከሆነች ሌላ በር መፈተሽ አለበት። የተጣራ መጠኗ 5 ቶንና ከዚያ በላይ የሆነች ጀልባ በፌዴራል መንግሥት መዝገብ ልትገባ ትችላለች። መዝገቡ ያለው ዌስት ቨርጂኒያ፣ ፎሊንግ ዋተርስ በሚገኘው የኮስት ጋርድ ማዕከል ነው። እዚያ የተመዘገበች ጀልባ የግዛት ታይትል አይኖራትም። ምልክቱ ከውስጥ አካሏ ላይ በቋሚነት የተጻፈ መለያ ቁጥርና ከኋላዋ የተጻፈው ስሟ ከወደቧ ጋር ነው። የባለቤቶቿን ታሪክና ዕዳዋን ከዚያው ማዕከል መጠየቅ ይቻላል።

ጀልባዋ ተጭና የምትጎተትበትን ትሬይለር የሚረሳ ብዙ ነው። ትሬይለር እንደ ተሽከርካሪ ስለሚቆጠር በሜሪላንድ ጉዳዩ ኤምቪኤ ከሚባለው የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ጋር ነው፤ ጀልባዋ ሌላ ቢሮ፣ እሱ ሌላ ቢሮ። እንደ ቴክሳስና ኦሃዮ ባሉ ግዛቶች ከኋላ የሚንጠለጠለው ሞተርም የራሱ ታይትል አለው፤ ኦሃዮ ከ10 የፈረስ ጉልበት ጀምሮ ትጠይቃለች። ስለዚህ የሽያጭ ውሉ ላይ የጀልባዋ፣ የሞተሩና የትሬይለሩ ቁጥር ለየብቻው ይጻፍ። ዋጋውም በእውነተኛው ልክ ይጻፍ፤ ሜሪላንድ 5 በመቶ ግብር ታስከፍላለች። ውሉን ኖተሪ ፊት መፈረምም ኋላ ከክርክር ያድናል።

ምዝገባው ሲያልቅ ግዛቱ ቁጥርና ተለጣፊ ይሰጣል። ቁጥሩ በጀልባዋ የፊት ክፍል በሁለቱም ጎን ይጻፋል። ቁመቱ ከሦስት ኢንች ማነስ የለበትም፤ ቀለሙም ከጀልባዋ ቀለም የሚለይ ይሁን። ተለጣፊው ከቁጥሩ ስድስት ኢንች ውስጥ ይለጠፋል። የምዝገባ ወረቀቱ ጀልባዋ ውኃ ላይ ባለች ቁጥር አብሯት መኖር አለበት፤ ውኃ የማያስገባ ላስቲክ ውስጥ አድርጎ መሪው አጠገብ ማስቀመጥ ነው።