የቀበሌ ቤት ምንድን ነው?

ስሙን ሰምቶ ቀበሌ ያሠራው ቤት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ግለሰቦች ለማከራየት ያሠሩት ቤት ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሲያደርግ፣ ባለቤቱ ከሚኖርበት የተረፈውን መኖሪያ ቤት «ትርፍ ቤት» ብሎ ወረሰ። የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ቤት ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጠ፤ ከዚያ በላይ የሚከራየው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። 100 ብር በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ስለነበር ለቀበሌ የደረሰው የድሃው ቤት ነው፦ ባለ አንድና ሁለት ክፍል፣ የጭቃ፣ መጸዳጃው የጋራ።

አዋጁ ኪራይንም ቀነሰ፤ የዝቅተኛው ቤት ቅናሽ እስከ ግማሽ ይደርስ ነበር። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ሆነ። ችግሩ ኪራዩ በዚያው ለአሥርት ዓመታት መቆሙ ነው። በወር 10 ብር የሚከፈልበት ቤት እንውሰድ፦ በዓመት 120 ብር ያስገባል፤ ይህ ዛሬ አንዲት ቆርቆሮ አይገዛም። ቀበሌው በምን ያድሰው? ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ያስፈራዋል። ቤቱ የሚፈርሰው በዚህ መሃል ነው።

አፈራረሱም እንደ አገሩ ይለያያል። ቆላማው ሸዋ ሮቢት ላይ የእንጨቱ ጠላት ምስጥ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው ደብረ ብርሃን ግን እርጥበት ነው፤ የባሕር ዛፉ ምሰሶ ያለ ድንጋይ መሠረት በቀጥታ መሬት ውስጥ ስለተተከለ፣ ከአፈሩ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ጀምሮ ይበሰብሳል፤ ከዚያ ግድግዳው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ብዙ ሰው ግድግዳው ሲሰነጠቅ በሲሚንቶ ያስለስነዋል። ይህ ጉዳቱን ያፋጥነዋል፦ ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አጥብቆ አይያያዝም፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ እንጨቱን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። መጀመር ያለበት ከጣሪያው ነው፤ ላልቶ የሚያፈሰውን የሚስማር ቀዳዳ መድፈን፣ ቀጥሎ በቤቱ ዙሪያ የውሃ መውረጃ ቦይ መቆፈር። ከዚያ ጣሪያውን በድጋፍ እንጨት ይዞ የበሰበሰውን ምሰሶ አንድ በአንድ መለወጥ፣ አዲሱንም ድንጋይ ላይ ማቆም። ምርጊቱ የመጨረሻ ነው፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ለቀናት መቦካት አለበት፣ የመጀመሪያው ሳይደርቅም ሁለተኛው አይደረብም። ይህ ሁሉ ከክረምት በፊት ማለቅ አለበት።

አንድ እንጨት ከመንቀሉ በፊት ግን ተከራዩ የእድሳት ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ይኖርበታል። ያለ ፈቃድ የተጨመረ ክፍል እንደ ሕገ ወጥ ግንባታ ይቆጠራል፤ ወጪውም አይመለስም። የኪራይ ውሉንና ደረሰኞቹን በጥንቃቄ ማስቀመጥ፣ አብረው የሚኖሩትን የቤተሰብ አባላት በቤተሰብ ቅጽ ላይ ማስመዝገብም እንዲሁ፤ ውል የገባው አባት ወይም እናት ሲሞቱ ክርክር የሚነሳው ከዚህ ጉድለት ነው። የቀበሌን ቤት ለሌላ ማከራየት ደግሞ ቤቱን ያስነጥቃል።

አካባቢው ለመልሶ ማልማት ሲፈለግስ? የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የቀበሌ ቤት ተከራይ እንዲሁ ተነሥቶ እንዲባረር አልፈቀደም፦ መኖሪያ ቤት የመግዛት ዕድል ሰጠው፣ አቅም ከሌለው ደግሞ በኪራይ ምትክ ቤት። በእርግጥ ተከራይ መሆኑን የሚያረጋግጥለት ያው ውልና ደረሰኝ ነው።

ቤቶቹ ሲፈርሱ የሚተካቸው ግን ብዙም የለም፤ ቁጥራቸው በአብዛኛው የተወሰነው በውርሱ ጊዜ ነበርና። ፋብሪካ ፍለጋ ደብረ ብርሃን የገባ ወጣት ወይም ከቀዬው ተፈናቅሎ በመጠለያ ያለ ቤተሰብ የቀበሌ ቤት ሊያገኝ የሚችለው ሌላው ሲለቅ ብቻ ነው። በዚያ ርካሽ ኪራይ የገባ ደግሞ አይለቅም፣ ሊፈረድበትም አይገባም፤ የግል ኪራይ ከአቅሙ በላይ ነው።