ዕዳ ከሜዳ፦ የቱ ዕዳ፣ ከየትኛው ሜዳ?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ትልቅ ቴሌቪዥን በዱቤ ገዛ። የወሩ ክፍያ ሲደርስበት «ዕዳ ከሜዳ!» ብሎ ተማረረ። ዝም አልኩት፤ ግን ከነከነኝ። ዕቃውን መርጦ፣ በዋጋው ተከራክሮ፣ ፈርሞ ነው የወሰደው። ታዲያ ሜዳው የቱ ጋ ነው?

አባባሉ ሳይበደሩ ለሚከፍሉት፣ ሳያስቡት ደጃፍ ላይ ለሚቆም ጣጣ ነው። ይሄን ማንም ያውቃል። ከየት መጣ ሲባል ግን ሁሉም የየራሱ ግምት አለው። የእኔ ከከብት ጋር የተያያዘ ነው።

ገጠር ያደገ ሰው የወል ግጦሽን አይረሳም። የሰፈሩ ከብት ጠዋት ተነድቶ አንድ ሜዳ ላይ ይለቀቃል። ወይፈኖች ሲገናኙ መጀመሪያ ያጓራሉ፤ አፈሩን በኮቴያቸው ወደ ኋላ ይበትናሉ፤ ከዚያ ግንባር ለግንባር ነው። የእረኛ ዱላ አይገላግላቸውም። ልጅ እያለሁ የእኛ ወይፈን የጎረቤትን በሬ ገፍቶ ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጣለው። የፊት እግሩ ተሰበረ። ወሩ ደግሞ ሰኔ፣ ጥማድ ከምንም በላይ የሚፈለግበት። አባቴ ያን ቀን ከደጅ አልራቀም፤ ሞፈር ሲጠርብ ነው የዋለው። ማታ ከብቶቹን እየነዳን ስንደርስ ዕዳው አብሮን ገባ። በማግስቱ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ማን ጀመረ? እረኞቹ የት ነበሩ? ቦዩስ በማን ድንበር ነው? ብዙ ተባለ። በመጨረሻ ጎረቤታችን ክረምቱን በእኛ በሬ እንዲያርስ ተወሰነ። እኛ ከዘመድ በሬ ለምነን፣ ዘግይተን ዘራን። አባቴ ከማንም አምስት ሳንቲም አልተበደረም።

ሕጉም ቢሆን ወይፈን ነው ብሎ አይምርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 ላይ፣ እንስሳው ድንገት ቢያመልጥ እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል።

የለም፣ ከአፈርሳታ ነው የመጣው የሚል ሰው አይጠፋም። ንብረት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ሲገኝ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ጥፋተኛውን እንዲያወጣ ይገደድ ነበር። ካልተገኘ ሁሉም አዋጥቶ ይክሳል። ንጹሕ ሰው ከስብሰባው ሜዳ ዕዳ ይዞ ይመለሳል ማለት ነው። መጥፎ ግምት አይደለም። እኔ ግን ከወይፈኔ ንቅንቅ አልልም። ቤት እንዲመታ ብቻ የተባለ ነው ለሚሉት ደግሞ መልስ የለኝም፤ ሰነፎች ናቸው።

አሁን አሁን ሰው ራሱ የጠራውን ዕዳ ሁሉ ሜዳ ላይ ይጥለዋል። የልጆች መመዝገቢያ፣ የበዓል በግ፣ የቤት ኪራይ ምን ድንገተኛ ነገር አላቸው? ቀናቸው ካላንደር ላይ ተጽፏል። ደመወዝ በገባ ዕለት ሳይነሣላቸው ቀርቶ፣ ወሩ ሲጋመስ በስልክ ብድር መሮጥ፣ ከዚያ ያንን ለመክፈል ሌላ መበደር! በሽታና ሐዘን ከሆነ እሺ፣ ሜዳው እውነት ነው። ለሐዘኑም ቢሆን እኮ ሰዉ እድር ገብቶ፣ ማንም ሳይሞት በየወሩ ያዋጣል።

ለጓደኛው ዋስ ሆኖ የከፈለ ሰው «ዕዳ ከሜዳ» ቢል አልከራከረውም። እሱም ቢሆን ግን ፈርሟል።