ዴንድሮቢየም ከትበርትሶኒ፦ ድንኩ የደጋ ኦርኪድና የደሴ አየር

ዴንድሮቢየም ከትበርትሶኒ የኒው ጊኒ ተራሮች ተወላጅ የሆነ፣ ከነሥሩ በአንድ ቡና ሲኒ ውስጥ የሚያድር ድንክ ኦርኪድ ነው። ተክሉ ብዙውን ጊዜ ከ8 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። አበባው ግን እስከ 4 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚሰፋ፣ ሲያብብ ቅጠሉ ከአበባው ሥር ተሸሽጎ ይቀራል። ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው ተክሉን በደሴና በመሰል የወሎ ደጋ ከተሞች ለማሳደግ ለሚያስቡ ሰዎች ነው።

ዝርያውን በ1888 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው ጀርመን ተወልዶ አውስትራሊያ የኖረው ፈርዲናንድ ፎን ሙለር ነው። ሙለር ለወሎ ሰው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ በዓለም ዙሪያ እንዲተከል ዘሩን እየላከ ሲወተውት የኖረው እሱ ነበርና። ስሙን የሰጠው በኒው ጊኒ ጉዞው ለሚታወቀው ለከትበርትሰን መታሰቢያ ነው። ከዓመታት በኋላ ሩዶልፍ ሽሌክተር የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ተክሉን በዚያው ደሴት አግኝቶ፣ ሶፍሮኒቲስ የሚባለውን የብራዚል ቀይ ኦርኪድ ስለመሰለው ዴንድሮቢየም ሶፍሮኒተስ ብሎ ጠራው። ዛሬ ሁለቱ ስሞች የአንድ ተክል መሆናቸው ታምኖበት ቀዳሚው የሙለር ስም ጸንቷል፤ በድሮ መጻሕፍትና በአንዳንድ ነጋዴዎች ዘንድ ግን የሽሌክተሩም አልጠፋም። ሽሌክተር በርሊን ያከማቻቸው የደረቁ ናሙናዎች አብዛኞቹ በ1943 እ.ኤ.አ. ቤተ መዛግብቱ በቦምብ ሲጋይ አብረው ነደዋል።

በአገሩ ከ750 እስከ 3,450 ሜትር ከፍታ ይገኛል፤ በብዛት የሚታየው ግን ከ2,000 ሜትር ወዲያ ነው። የዛፍ ሽበት (በእንግሊዝኛ ሞስ) በለበሱ ዛፎች ላይ ይጣበቃል፤ በቋጥኝና መንገድ ሲቆረጥ በተጋለጠ አፈርም ላይ ይበቅላል። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ወይን ጠጅ፣ ነጭ፣ ሁለት ቀለም የደባለቀም አለ። ቅጠሉን በማጉያ መነጽር ያየ ሰው ስኳር የተነሰነሰበት ይመስለዋል፤ ፊቱ በጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ኪንታሮቶች የተሸፈነ፣ ጀርባው ብዙ ጊዜ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው። የአንዱ አበባ ዕድሜ እስከ ዘጠኝና አሥር ወር ይደርሳል የሚሉ አሉ። ዘጠኙም ሆነ አሥሩ ያከራክር ይሆናል እንጂ ለወራት መቆየቱ አያከራክርም። አበባውን የሚያራቡት የአበባ ማር የሚቀስሙ ወፎች ናቸው ተብሎ ይታሰባል።

ወደ አያያዙ ስንመጣ ዋናው ነገር የሌሊት ቅዝቃዜ ነው። ሌሊት ከ10 እስከ 13 ዲግሪ፣ ቀን ደግሞ ከ25 በታች ይወዳል። ቆላ ላይ የሚኖሩ አፍቃሪዎች ለዚህ ሲሉ የመስታወት ቤታቸውን በማቀዝቀዣ ያበርዳሉ፤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው ደሴ ግን በነፃ ትሰጠዋለች። በከተማችን «ኦርኪድ አይሆንም» የሚባለው ሌላውን ኦርኪድ አይተው ነው። የዚህ ጽሑፍ አጠናቃሪም ከአዲስ አበባ ያመጣውን ፋሌኖፕሲስ የተባለ ኦርኪድ በኅዳር ውርጭ መስኮት ላይ ረስቶት፣ ጠዋት ቅጠሉ እንደተቀቀለ ጎመን ሆኖ አግኝቶታል። ፋሌኖፕሲስ የሙቀት አገር ተክል ነው፤ ከከትበርትሶኒ ጋር ዘመድ ቢሆኑም አየራቸው አይገናኝም። ውርጭ ራሱ ግን ይህንንም ስለሚጎዳው ጥርት ባለ የበጋ ሌሊት ከደጅ መግባት አለበት። ኮምቦልቻ ከደሴ በመኪና ብዙ ባትርቅም ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ለዚህ ተክል አትመከርም፤ የኮምቦልቻ ሰዎች ይቅር ይበሉን።

ደሴ የማትሰጠው የበጋውን እርጥበት ነው። በኒው ጊኒ ተራሮች ዝናቡና ጉሙ ዓመቱን ሙሉ ሲፈራረቁ፣ እዚህ ክረምቱና በልጉ ካለፉ አየሩ ይደርቃል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር ተክሉን ክዳኑ ገርበብ ባለ የመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ከሥሩ ጠጠርና ውኃ አድርጎ ማቆየት ይረዳል። አየር ፈጽሞ እንዳይታፈን ያስፈልጋል፤ ከታፈነ ቅጠሉ ይጠቁርና ይረግፋል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ የምሥራቅ መስኮት፣ በስስ መጋረጃ፣ ይበቃዋል።

ሥሩ እንደ ክር የቀጠነ ስለሆነ ጨዋማ ውኃ ቶሎ ያቃጥለዋል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ውኃ ለዚህ አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ቆርቆሮውን ካጠቡ በኋላ የተጠራቀመ የጣሪያ ውኃ እጅግ ጥሩ ነው፤ ክዳን ባለው በርሜል እስከ በጋ ይደርሳል። ማዳበሪያ ከተሰጠ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ሩብ ያህሉ በቂ ነው።

መትከያው ትንሽ፣ ታቹ የተበሳ ሸክላ ይሁን። ከታች የከሰል ስብርባሪ፣ ከላይ ስፋግነም የሚባለው ውኃ ያዥ ሽበት ይደረጋል። ስፋግነም ካልተገኘ ደቀቅ ያለ የጥድ ቅርፊት ይሞከራል፤ ቶሎ ስለሚደርቅ ግን በየቀኑ መታየት አለበት። ከወሎዎቹ ደኖች፣ ከይጎፍም ሆነ ከደንቆሮ ጫካ፣ ሽበት ገፎ ማምጣት አይገባም፤ የእነዚያ ዛፎች ልብስ ለዛፎቹ ነው። መትከያውን መቀየር ተክሉ ከሚጠላቸው ነገሮች ዋነኛው ነው፦ አዲስ ሥር ሲያወጣ ብቻ፣ የድሮውን ሳይበትኑ። ቀንድ አውጣ እምቡጡን በአንድ ሌሊት ስለሚጨርስ ማታ በባትሪ መፈለግ ይበጃል።

ከፍሎ ማባዛት እምብዛም አይሳካም፤ የሚባዛው በዘር ነው። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀና ስንቅ የሌለው በመሆኑ በተፈጥሮ የሚበቅለው በፈንገስ እርዳታ ነው። ያለ ፈንገስ፣ በስኳርና በማዕድን መኖ በጠርሙስ ማብቀል እንደሚቻል በ1922 እ.ኤ.አ. ያሳየው አሜሪካዊው ሉዊስ ነድሰን ነው። ኦርኪዶች በሙሉ ሳይተስ በሚባለው የዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። በጠርሙስ ያሉ ችግኞች ለአብዛኞቹ ዝርያዎች ከዚህ ቁጥጥር ነፃ ናቸው፤ የዕፅዋት ጤና ፈቃድ ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ችግኞቹ ከጠርሙስ የሚወጡት በሐምሌና በነሐሴ ቢሆን ይመረጣል፤ ያኔ የጦሳ ተራራ ጉም መስኮት ድረስ ስለሚወርድ እርጥበት እንዳያጡ የሚደረግላቸውን ሽፋን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያሉ ለመክፈት ይመቻል።