«ዛሬ በታሪክ» ምንድን ነው? የሚያዝያ 27 ምሳሌ

«ዛሬ በታሪክ» የሚባለው ጽሑፍ በአንድ የወር ቀን ላይ በተለያዩ ዓመታት የተፈጸሙ ታላላቅ ድርጊቶችን፣ በዚያው ቀን የተወለዱና ያረፉ የታወቁ ሰዎችንም ጨምሮ፣ ባንድነት የሚያስታውስ የአጻጻፍ ዓይነት ነው። በሬዲዮ የጠዋት ዝግጅት፣ በጋዜጣ ዓምድና በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ዘወትር የምናገኘው ሲሆን፣ አቀራረቡም በየቦታው ተመሳሳይ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ይቀድማል፣ ድርጊቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፣ ከዚያ ልደትና ዕረፍት ይከተላሉ። እነዚህን ነገሮች የሚያገናኛቸው ቀኑ ብቻ በመሆኑ፣ የጽሑፉ ዋጋ የሚመዘነው ቀኑ በእርግጥ አንድ በመሆኑና ባለመሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ለሚጽፍ ሰው ይህ ከሚመስለው በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

አጻጻፉ ከውጭ ጋዜጦች የተወሰደ ቢመስልም ሐሳቡ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ስንክሳር ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ በየዕለቱ የተከፋፈለ ነው፤ በዘመን የተራራቁ ሰማዕታት፣ ነቢያት፣ ጳጳሳትና ጻድቃን መታሰቢያቸው በአንድ ዕለት ስለዋለ ብቻ ጎን ለጎን ይነበባሉ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ታኅሣሥ 24፣ ዕረፍታቸው ነሐሴ 24፣ ፍልሰተ ዐፅማቸው ደግሞ ግንቦት 12 ይታሰባል። ከዚህም ሌላ ወርኃዊ በዓላት አሉ፤ 12 የሚካኤል፣ 16 የኪዳነ ምሕረት፣ 21 የማርያም፣ 23 የጊዮርጊስ፣ 27 የመድኃኔ ዓለም ነው። የዓድዋ ድል የተገኘው በጊዮርጊስ ዕለት ነው ሲባል ቀኑ ያን ጊዜ ለሕዝቡ ምን ትርጉም እንደነበረው ጭምር ይነገራል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነበረ፤ የጊዮርጊስ ታቦትም አብሮ ዘምቶ ነበር።

አንድ ቀን በታሪክ ውስጥ እንዴት ከሁለት ድርጊት ጋር እንደሚቆራኝ በደንብ የሚያሳየው ግን ሚያዝያ 27 ነው። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 24 በባቡር ወደ ጅቡቲ ከሄዱ በኋላ አዲስ አበባ ለጥቂት ቀናት በዘረፋና በቃጠሎ ቆየች፤ ማክሰኞ ሚያዝያ 27 የማርሻል ባዶሊዮ የሞተር ጦር ከተማዋን ያዘ። ሙሶሊኒም በዚያው ምሽት ሮማ ከፓላዞ ቬኔዚያ ሰገነት ላይ ሆኖ ጦርነቱ ማብቃቱን ለሕዝቡ አወጀ።

ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል ወደዚያችው ከተማ ገቡ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የዘመተው የጌዴዎን ጦር አዛዥ፣ እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት፣ በነጭ ፈረስ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። ይህ የቀን መገጣጠም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የኢትዮጵያን ድንበር የተሻገሩት ንጉሠ ነገሥት በጎጃም በኩል ሲገሠግሡ፣ ከደቡብ የመጣው የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር ቀድሞ መጋቢት 28 አዲስ አበባን ይዞ ነበር። የእንግሊዝ አዛዦች በከተማዋ ስለነበሩት በርካታ የጣሊያን ሲቪሎች ደኅንነት ሰግተው የንጉሠ ነገሥቱን መግባት አዘገዩት። መዘግየቱ ከእንግሊዞች የመጣ ቢሆንም፣ ከተቻሉት ቀናት መካከል ሚያዝያ 27 የተመረጠው የጠላት መግቢያ ቀን የድል ቀን ተብሎ እንዲጠራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዕለቱ ባደረጉት ንግግርም ሕዝቡ በጣሊያኖች ላይ በቀል እንዳይፈጽም አጥብቀው አስጠነቀቁ። በ«ዛሬ በታሪክ» ዓምድ ላይ 1928 እና 1933 እንዲሁ በተርታ ሲጻፉ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ለመሻር ሆን ተብሎ የተመረጠ ቀን መሆኑ ይጠፋል፤ በእኔ ግምት ይህን አለመናገር ከዕለቱ ታሪክ ግማሹን ማስቀረት ነው።

ቀን እንደሚመረጥ ሁሉ ይሻራልም። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የድሉ በዓል ከሚያዝያ 27 ተነሥቶ ወደ መጋቢት 28 ተዛወረ። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፤ መጋቢት 28 ከተማዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችበት ቀን ሲሆን፣ ሚያዝያ 27 ግን የንጉሡ መመለሻ ነው። ከደርግ ውድቀት በኋላ በዓሉ ወደ ቀድሞ ቀኑ ተመለሰ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አራት ኪሎ ያለው ሐውልት በስፍራው ቆሞ ነበር፤ አደባባዩ ዛሬም ሚያዝያ 27 አደባባይ ይባላል። ስድስት ኪሎም የራሱን ቀን ይዟል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ድሆችን ሰብስቦ ምጽዋት የሚሰጥበት ሥነ ሥርዓት የተዘጋጀው አዲስ የተወለደውን የጣሊያን ልዑል ልደት ለማክበር ነበር፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ከወረወሩ በኋላ የሆነው ጭፍጨፋ ግን ልደቱን ፈጽሞ አስረስቶታል።

እስካሁን የተነሡት ድርጊቶች በአንድ አቆጣጠር ውስጥ ያሉ ናቸው። አስቸጋሪው የውጭውን ታሪክ ስንጨምር ነው። ሚያዝያ 27 በዘመናችን ከሜይ 5 ጋር ይገጥማል። በፈረንጆቹ የሜይ 5 ዝርዝር ውስጥ ካርል ማርክስ በ1818 መወለዱ፣ ናፖሊዮን በ1821 በቅድስት ሄለና ደሴት መሞቱ፣ አላን ሼፐርድ በ1961 ወደ ጠፈር የወጣ የመጀመሪያው አሜሪካዊ መሆኑ ሁልጊዜ አይጠፉም። አንድ አዘጋጅ ይህን ዝርዝር እንዳለ ወስዶ «ሚያዝያ 27 በታሪክ» ብሎ ቢያወጣው ስለ ሼፐርድ ልክ ይሆናል፤ ዕለቱ በእርግጥም ሚያዝያ 27 ቀን 1953 ዓ.ም. ነበረ። ስለ ማርክስና ስለ ናፖሊዮን ግን ይሳሳታል፤ የማርክስ ልደት ሚያዝያ 28 ቀን 1810፣ የናፖሊዮን ሞት ደግሞ ሚያዝያ 28 ቀን 1813 ዓ.ም. ነው። (ስድስት ኪሎ አጠገብ በደርግ ዘመን የማርክስ ሐውልት ሲቆም ይህን የአንድ ቀን ልዩነት ያሰላው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።)

ልዩነቱ የሚመጣው ከዓመቱ ርዝመት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ጳጉሜን ያለ ምንም መዛነፍ ስድስት ትሆናለች። አሮጌው የአውሮፓ አቆጣጠር፣ ዩልዮሳዊው፣ ሕጉ ተመሳሳይ ስለነበረ ከእኛው ጋር ሳይራራቅ ይሄድ ነበር። በ1582 እ.ኤ.አ. በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ የወጣው አዲሱ አቆጣጠር ግን ለ400 ካልተካፈሉ በቀር በመቶ ዓመታት መዝጊያ ላይ ፌብሩዋሪ 29ን ይዘላል። 1700፣ 1800 እና 1900 ተዘለሉ፤ 2000 አልተዘለለም። ስለዚህ ከ1900 ወዲህ ባለው ጊዜ ሚያዝያ 27 ሜይ 5 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት ውስጥ ሜይ 4 ነበረ።

የዓድዋን ቀን በተመለከተ የሚነሣው ክርክርም በዚሁ ይፈታል። የውጭ መጻሕፍት ጦርነቱ የተካሄደው ማርች 1 ቀን 1896 ነው ይላሉ፤ እኛ ደግሞ የካቲት 23ን ስናከብር በፈረንጆቹ ማርች 2 ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የካቲት 23 ያን ጊዜ ማርች 1 ነበረ፣ ዛሬ ማርች 2 ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የልደታቸው ቀን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ሲሆን፣ በውጭ መጻሕፍትም ሆነ በራስተፈሪያን ዘንድ የሚታወቀው ጁላይ 23 ቀን 1892 ነው። ሐምሌ 16 ጁላይ 23 የሚሆነው ግን ከ1900 ወዲህ ነው፤ በ1892 ሐምሌ 16 የዋለው ጁላይ 22 ላይ ነበር። የኋለኛው ዘመን ማዛመጃ ለቀደመው ዘመን ስለዋለ ብቻ ልደቱ በአንድ ቀን ተገፍቶ በመላው ዓለም ተለምዷል።

በአውሮፓም ቢሆን ቁጥሩ አንድ ሆኖ ዕለቱ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሼክስፒርና ሰርቫንቴስ ሁለቱም ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ዐረፉ እየተባለ ይነገራል፤ ዩኔስኮም የዓለም የመጽሐፍ ቀንን በኤፕሪል 23 እንዲከበር አድርጓል። ሰርቫንቴስ በዚያ ቀን የተቀበረው በአዲሱ አቆጣጠር በምትመራው እስፓኝ ሲሆን፣ እንግሊዝ ያን ጊዜ በአሮጌው ላይ ስለነበረች ሼክስፒር የሞተው ከዐሥር ቀን በኋላ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስናመጣው የሰርቫንቴስ ቀብር ሚያዝያ 18፣ የሼክስፒር ሞት ሚያዝያ 28 ቀን 1608 ዓ.ም. ይውላል። እንግዲህ በፈረንጆቹ ዝርዝር አንድ የተባሉት ሁለቱ ደራስያን በእኛ ተለያዩ፤ በፈረንጆቹ ተለያይተው የሚገኙት ሼክስፒር፣ ማርክስና ናፖሊዮን ደግሞ በሚያዝያ 28 ተገናኙ። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ከውጭ ገልብጦ ማግኘት አይቻልም፤ ራስን ችሎ ማስላት ያስፈልጋል።

ከመስከረም እስከ የካቲት ላለው ጊዜ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ይሆናል፤ ይህ የአንድ ቀን መግፋት በቀጣዩ ፌብሩዋሪ 29 ይስተካከላል። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የደረሰው የሽብር ጥቃት ከ1994 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት ጋር ገጥሟል፤ በየዓመቱ ግን ሁለቱ አይገናኙም። ቤተ ክርስቲያን ልደትን በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28፣ በሌሎቹ ዓመታት 29 የምታከብረው በዚሁ ምክንያት ነው። በውጭ አገር የሚኖር ሰው የልደት ቀኑን ለመታወቂያ ሲያስለውጥም ይህ ይመለከተዋል፤ መስከረም 10 ቀን 1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ልደቱ ሴፕቴምበር 21 እንጂ 20 አይደለም።

ያለ ማንም ፈቃድ ከሚገጥሙ ቀናት ሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ የአበበ ቢቂላ ነው። አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ይካሄድ ነበር፤ ያሸነፈውም አርጀንቲናዊው ሁዋን ካርሎስ ሳባላ ነው። አበበ ራሱ በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። ጃቶ ላይ በተወለደ ሕፃንና በሎስ አንጀለስ ሯጮች መካከል ምንም የሚያያይዝ ነገር የለም፤ ጸሐፊው ይህን «አስቀድሞ የተጻፈለት» ብሎ ካላጋነነው በቀር እንዲህ ያለውን መገጣጠም መናገር ነውር የለበትም።

በተግባር የሚመከረው እንግዲህ እያንዳንዱን ድርጊት በተፈጸመበት ዓመት ማዛመጃ መለወጥ፣ የመጀመሪያው ምንጭ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ማየት፣ ቀኑ በሰው የተመረጠ ከሆነም መራጩን መጥቀስ ነው። አሁን የምንጠቀምበት ማዛመጃም ቢሆን የሚያገለግለው እስከ 2092 ዓ.ም. የካቲት ድረስ ነው። በ2100 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ስለሚዘለል የዚያ ዓመት የዓድዋ በዓል ማርች 3፣ የአርበኞች ቀን ደግሞ ሜይ 6 ይውላል።