ዲሲ እየኖሩ ዲሲን አለማየት፦ ስለ ዊኬንድ ሽርሽር የምንለውና እውነታው

ዲሲና አካባቢው የሚኖር አበሻ ሙዚየም የሚያየው መቼ ነው? እንግዳ ሲመጣ። እናት ከአዲስ አበባ ትመጣለች፣ ዋይት ሃውስ ፊት ለፊት ፎቶ ትነሳለች፣ የሊንከንን ደረጃ ትወጣለች። ስምንት ዓመት እዚያው የኖረው ልጇም በእሷ ሰበብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል። እንግዳዋ ስትሄድ ኑሮ ወደ ሥራ፣ ወደ ቤትና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይመለሳል።

ለምን ሲባል መልሱ አይጠፋም። ብር የለም፣ መኪና የለም፣ ኦፍ የለም፣ ወረቀት የለም። ከእነዚህ ውስጥ እውነትም አለ። አብዛኛው ግን ከሰው አፍ ሰምተን፣ ሳናጣራ የምንደጋግመው ነው። አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ብር ይፈጃል»

ስሚዝሶኒያን የሚባለው ተቋም 21 ሙዚየሞችና አንድ መካነ አራዊት አለው። ዲሲ ያሉት በሙሉ መግቢያ አያስከፍሉም። ገንዘቡን የተናዘዘው ጄምስ ስሚዝሰን የሚባል እንግሊዛዊ የሳይንስ ሰው ነው። በሕይወቱ አሜሪካን ረግጦ አያውቅም። በእሱ ኑዛዜ ተቋሙ በ1846 ተመሠረተ። ከስሚዝሶኒያን ውጭም ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና የካፒቶል ጉብኝት ነፃ ናቸው።

ብሩን የሚበላው ፓርኪንግና ምሳ ነው። ስለ ፓርኪንግ ዋጋ ለዲሲ አበሻ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ስለሆነ አልነካውም። በሜትሮ መሄድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ታሪፉ ከሥራ ቀን ይቀንሳል።

ዳለስ ኤርፖርት ሰው ለሚያመላልሱ ኡበርና ታክሲ ነጂዎች አንድ ነገር ልንገር። ከኤርፖርቱ አጠገብ ቻንቲሊ ላይ የስሚዝሶኒያን ሌላ የአቪዬሽን ሙዚየም አለ፣ ኡድቫር ሄዚ ሴንተር ይባላል። ዲስከቨሪ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እዚያ ቆማለች፣ ኮንኮርድም አለ። የሰውን ጥሪ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ከመጠበቅ እዚያ ገባ ብሎ መውጣት ይሻላል።

«ነፃ ከሆነ ዝም ብሎ መሄድ ነው»

ይሄኛው ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ነው። ልጆችን አሰልፎ በር ላይ የሚመለሰው ቤተሰብ ብዙ ነው። ናሽናል ሞል ላይ፣ ማለትም ከካፒቶል እስከ ሊንከን መታሰቢያ ባለው ሜዳ ላይ፣ ያለው የአየርና የጠፈር ሙዚየም ነፃ ቢሆንም የመግቢያ ሰዓት ቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ አለበት። የዋሽንግተን ሐውልት፣ ያ 169 ሜትር ገደማ የሆነው ረጅሙ ድንጋይ፣ ቀድሞ ለመያዝ 1 ዶላር ይጠይቃል። በዕለቱ ጠዋት ሄዶ ለተሰለፈ ደግሞ ነፃ ነው። በ2016 የተከፈተው የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየምም የሰዓት ትኬቱ ነፃ ነው። ነፃ ትኬት በዶላር የሚሸጥላችሁ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት። የምትፈልጉት የሙዚየሙን የራሱን ገጽ ነው።

«ሉሲ እኮ ዲሲ ናት»

አይደለችም። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የሰው ልጅ አመጣጥ አዳራሽ አለ። እዚያ ያለው ቅጂ ነው። በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ዋናዋ አዲስ አበባ ናት። ከ2007 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ዞራ ተመልሳለች። አዳራሹ ግን እንዳያመልጣችሁ። ልጆቻችሁ «አፋር» የሚለውን ቃል ፈረንጅ ሲያነበው ይሰማሉ።

«ኦፌ ቅዳሜ ስላልሆነ አይሆንልኝም»

ሆቴል፣ ነርሲንግ ሆም ወይም ፓርኪንግ የሚሠራ ሰው ዊኬንዱ ማክሰኞና ረቡዕ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ይሄ ዕድል ነው እንጂ ጉዳት አይደለም። ስሚዝሶኒያን ከገና፣ ማለትም ከዲሴምበር 25፣ በስተቀር በአብዛኛው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሰልፉ ያጥራል፣ ሕፃን በጋሪ ይዞ መዞርም ይቀላል።

የሌሊት ሽፍት ያላችሁም አልቀረባችሁም። የሊንከን መታሰቢያ ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነው። እኔ ብጠየቅ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት (በፈረንጆቹ 11 ፒኤም) በኋላ ሂዱ እላለሁ። ሐውልቱ በመብራት ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ፎቶ የሚያነሳው ሕዝብም ቀንሷል። ከሐውልቱ 18 ደረጃ ወደ ታች ስትወርዱ መሬቱን እዩት። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 ቆሞ «ሕልም አለኝ» ያለበት ቦታ ላይ ድንጋዩ ተቀርጿል። ጽሑፉ ጎላ ያለ አይደለም። አብዛኛው ሰው ረግጦት ያልፋል።

«መኪና ከሌለ ከከተማ መውጣት የለም»

ይሄ ነው በጣም የሚያናድደኝ። ከዩኒየን ስቴሽን ባልቲሞር የሚወስደው ማርክ የሚባለው የሜሪላንድ ባቡር፣ በፔን መስመሩ ቅዳሜና እሁድም ይሠራል። አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከአገር አቀፉ ባቡር ከአምትራክ ያንሳል። ባልቲሞር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ወንጀልና የክራብ ምግብ ብቻ ነው።

ከጣቢያው በእግር የሚደረስበት ማውንት ቨርነን የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ያለው ዋልተርስ ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያ ጥንታዊ ጥበብ ስብስቦች አንዱ ያለው እዚያ ነው። የመስቀል ዓይነቶች፣ የእመቤታችን ሥዕሎች፣ የብራና መጻሕፍት። ከመጻሕፍቱ አንዱ የጉንዳ ጉንዴ ወንጌል ነው። ትግራይ ውስጥ በዚያ ገዳም በ16ኛው መቶ ዘመን የተዘጋጀ ነው። ወንጌላውያኑ ዓይናቸው ትልልቅ ነው፣ ልብሳቸው በመስመርና በጥልፍ ዓይነት ጌጥ ተሞልቷል። ብራና ብርሃን ስለሚጎዳው ሁልጊዜ ላይወጣ ይችላል፤ ገጾቹ ግን በኢንተርኔት በነፃ ይታያሉ።

እዚህ አገር ተወልዶ «የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለምን እንዲህ ነው?» የሚል ልጅ ያለው ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። ቅርሶቹ እንዴት እዚያ እንደደረሱ የሚጠይቅም ካለ ይጠይቅ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በመንገድ ላይ ያወያያል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሙዚየሙ ሰኞና ማክሰኞ ይዘጋል።

ሃርፐርስ ፌሪም በባቡር ይደረሳል። ፖቶማክና ሸናንዶዋ ወንዞች የሚገናኙባት፣ በ1859 ጆን ብራውን ባሪያዎችን ነፃ ለማውጣት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱን የያዘባት ትንሽ ከተማ ናት። እዚህ ግን ጥንቃቄ አለው። በዚያ በኩል የሚሄደው የማርክ መስመር በሥራ ቀን ብቻ ነው፣ ዊኬንድ ላይ ያለው አምትራክ ነው። መመለሻውን ሳታዩ አትሳፈሩ።

«ግሬት ፎልስ ውሃው ዝም ያለ ነው፣ እግር ነከር እናድርግ»

አታድርጉ። ይህን በቀልድ አላልፈውም። ግሬት ፎልስ ከዲሲ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ለዚህም ነው በጋ ላይ የሰው ብዛት የሚያስገርመው። ፖቶማክ እዚያ ጋ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት 76 ጫማ ይወርዳል፤ 23 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ፏፏቴው ሲያስገመግም ሁሉም ይፈራዋል። ሰው የሚዘናጋው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ውሃው ሰፋ ብሎ ለጥ ያለ በሚመስልበት ጋ ነው። ከላይ ለጥ ይበል እንጂ ከሥር ያለው ጉልበት ሌላ ነው። ዋና የሚችል ሰውም አይችለውም።

መዋኘትም ውሃ ውስጥ እግር መንከርም በሕግ የተከለከለ ነው። ብዙዎቹ አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ደግሞ ለመዋኘት ያሰቡ አልነበሩም። አለት ላይ ፎቶ ሲነሱ አዳልጧቸው ነው የገቡት። በቨርጂኒያ በኩል ሦስተኛው መመልከቻ ጋ አንድ እንጨት ቆሟል። ትልልቆቹ ጎርፎች የት ድረስ እንደደረሱ ዓመተ ምሕረታቸው ተለጥፎበታል። ከሁሉም በላይ ያለው 1936 ነው፤ ለማየት ቀና ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ እንጨት ዘወር ብላችሁ ገደሉ ሥር ያለውን ወንዝ ተመልከቱ፣ ከዚያ ልጃችሁን እጁን ያዙ።

«ስካይላይን ድራይቭ ጂፒኤሱ ሁለት ሰዓት ይላል»

ጂፒኤሱ መግቢያው ድረስ ነው የሚነግራችሁ። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በሰሜኑ በር፣ ፍሮንት ሮያል ላይ፣ ከዲሲ 70 ማይል አካባቢ ነው። ከዚያ ተራራው ጫፍ ላይ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ይረዝማል። የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል ነው። ሳትቆሙ ብትነዱ እንኳ ሦስት ሰዓት ነው። መቆሚያ መመልከቻው ደግሞ 70 ገደማ ነው፣ ማን ሳይቆም ያልፋል? አጋዘንም ድንገት ይገባል። ስለዚህ ሙሉውን እንጨርስ ማለት ቀርቶ እስከ ቢግ ሜዶውስ፣ 51ኛው ማይል፣ ሄዶ መመለስ ይበቃል። ቤንዚን ሞልታችሁ ግቡ። ስልክ ብዙ ቦታ ኔትወርክ የለውም፣ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ።

ኦክቶበር ላይ ብቻ ነው የሚያምረው የሚባለውም ልክ አይደለም። ቅጠሉ ሲቀላ ያምራል፣ ግን በዚያ ወር ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሩ ጋ ያለው ሰልፍ ያንገሸግሻል። ሜይ ላይ ሂዱ።

ክፍያው በመኪና 30 ዶላር ነው፣ ለሰባት ቀን ይሠራል። የግሬት ፎልስ 20 ዶላር ነው። ሁሉንም ብሔራዊ ፓርኮች የሚያስገባው የዓመት ካርድ ለአሜሪካ ነዋሪ 80 ዶላር ነው። ሸናንዶዋ ሁለቴ፣ ግሬት ፎልስ አንዴ ከሄዳችሁ ካርዱ ዋጋውን መለሰ። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያላችሁ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነፃ የሚያስገባ ማለፊያ አለው፤ በአንድ መኪና ያለ ቤተሰብ አብሮት ይገባል።

«ናያግራ በካናዳ በኩል ካልሆነ ዋጋ የለውም»

የካናዳው በኩል ሰፊ እይታ አለው፣ እሱን አልክድም። የአሜሪካው በኩል ግን ፏፏቴው አፍንጫችሁ ሥር ነው። ጎት አይላንድ የተባለው ደሴት ጫፍ፣ ቴራፒን ፖይንት ላይ ስትቆሙ ትልቁ ፏፏቴ ሲደፋ ጎኑ ላይ ናችሁ፣ ፊታችሁ ይርሳል። በ1885 የተቋቋመ የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ፓርክ ነው፤ መግቢያው ነፃ፣ ፓርኪንጉ የሚከፈልበት። ከዲሲ ሰባት ስምንት ሰዓት ስለሚነዳ ግን ለአንድ ቀን አትሞክሩት።

ወሳኙ ነገር ወረቀት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ወደ ካናዳ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል የሚባለው ስህተት ነው። ግሪን ካርዱንና ያልተቃጠለ የአገሩን ፓስፖርት ይዞ ይገባል። አሳይለም ኬዙ ያልተወሰነ ሰው ግን ድልድዩን እንዳይሻገር። ያለ ቅድመ ፈቃድ ከአሜሪካ መውጣት ማመልከቻውን እንደ መተው ሊቆጠርበት ይችላል። ሬይንቦው ድልድይ ከፓርኩ አጠገብ ነው፣ የመንገዱን ምልክት ያልተከተለ መኪና ወደ ድልድዩ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «ካናዳ» የሚል ሰሌዳ ስታዩ ቀስ በሉ። አካባቢው ድንበር ስለሆነ ወረቀታችሁንም ያዙ፣ ጥርጣሬ ካለ ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁ።

«ምግብ ይዞ መሄድ ያሳፍራል»

ማን ነው ያለው? ፓርኩ ውስጥ ያለው የእንጨት ጠረጴዛ የተሠራው ለዚያ ነው። ፍርፍሩን በዕቃ፣ ዳቦ ቆሎውን በፌስታል፣ ቡናውን በፔርሙዝ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ መንገድ ላይ የምታገኙት ጥብስ ድንችና ሰላጣ ብቻ ነው፣ ይዞ መሄድ ግዴታ ነው። ሥጋ የምትጠብሱ ፓርኩ ራሱ ባዘጋጀው ምድጃ ላይ ብቻ አድርጉት፤ መሬት ላይ ከሰል ማንደድ ያስቀጣል። ግሬት ፎልስ ቢራ መጠጣት ክልክል ነው። ሸናንዶዋ ድብ አለ፣ ለእግር ጉዞ ስትነሱ የተረፈውን ጠረጴዛ ላይ አትተዉ፣ መኪና ውስጥ ቆልፉበት።